ለመብረቁ አምላክ ያጎነበስኩበት ሳምንት

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ስለዚህ ሜልቦርንን የሚያህል ከተማ በወጉ አስረዳለሁ ብዬ አልነሣም። ግን ከተመለስኩ ጀምሮ የደብረ ሲና ሰው ቆሎ ሊገዛ ይቆምና ሳይገዛ፣ «እስቲ አውስትራሊያን ንገሪን» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስናገር አፌ ይተሳሰራል። ስጽፍ ማንም ዓይን ዓይኔን አያየኝም። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መመለሻው ጻፍኩት። የፈለገ ያንብበው፣ ቆሎውንም ይግዛ።

የሄድኩት ለክርስትና ነው። ታላቅ እኅቴ ፀሐይ ከባሏ ከጌታሁን ጋር ሜልቦርን መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው። ሁለተኛ ሴት ልጇን ስትወልድ ደወለችና «የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ጌታሁን የራሱ እኅት ሰናይት እንድትሆን ፈልጎ ነበር። ሰናይት እዚያው ሜልቦርን ናት፤ የተማረች፣ መኪና የምትነዳ፣ ሰው ፊት የማታፍር። ፀሐይ ግን «እኔ ትምህርቴን ስጨርስ፣ የራሷን አቋርጣ እናታችንን ያስታመመችው እሷ ናት» ብላ ቁርጡን ነገረችው። እኔ በሕይወቴ ለምንም ነገር ተመርጬ አላውቅም። ትምህርት ቤት እንኳ ባንዲራ እንድሰቅል ተጠርቼ አላውቅም። ስለዚህ ሌላ ምኞት አልነበረኝም፤ ይህን ክርስትና እንዳላበላሽ ብቻ።

ዓርብ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ነው የተነሣሁት። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነበር የሚሄደው። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ለሕፃኗ የተሸመነ ነጠላና አንድ እስር ጧፍ አለ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርኩ። አክስቴ እስክተኛ ድረስ አንድ ነገር ደጋገመችልኝ፦ «ግራ የገባሽ እንደሆነ አጎንብሰሽ ሰላም በይ። ሰላምታ የትም አገር አይጠላም።» ይህን ምክር ያዙልኝ።

ቅዳሜ

በአውሮፕላኑ የተቀመጥኩት መስኮት ዳር ነበር። ከጎኔ ሁለት ሰዎች ተኝተዋል። ሽንት ቤት ለመሄድ እነሱን መቀስቀስ ነበረብኝ። አልቀሰቀስኳቸውም። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አልናገርም። ምግብ በልተን ስንጨርስ ሳሕኑን ሁሉ ሰብስቤ፣ የሰዎቹንም ደርቤ፣ በነጠላዬ ጫፍ ጠራርጌ ስጠብቅ አስተናጋጇ መጣችና «የኔ እመቤት፣ ልቅጠርሽ እንዴ?» አለችኝ። እንግዳ ሆኖ ዕቃ ሳያነሡ ዝም ብሎ መቀመጥ ለእኔ ከባድ ነው።

እሑድ

አንድ ቦታ ወርደን፣ ሌላ አውሮፕላን ይዘን፣ እሑድ ወደ ማታ ሜልቦርን ደረስን። አየር ማረፊያው ላይ አንድ ውሻ መጥቶ ሻንጣዬ አጠገብ ቁጭ አለ። ሠራተኛዋ ሻንጣውን ከፈተች፣ በርበሬውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ሦስት ጊዜ አከታትላ አስነጠሰች። እኔም በልማድ ሦስት ጊዜ «ይማርሽ፣ ይማርሽ፣ ይማርሽ» አልኳት። ዓይኗን እየጠረገች ስቃ አሳለፈችኝ።

ጌታሁን በመኪና ተቀበለኝ። እሱ ጥሩ ሰው ነው፤ ወሬ ግን አያበዛም። «ሺፍት ቀይሬ ነው የመጣሁት» አለኝ። እኔም በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየሁ። ዲር ፓርክ የሚባለውን የመጋዘን ሰፈር አልፈን ወደ ዋይንድሃም ቬል ስንሄድ መሬቱ ሁሉ ሜዳ ነው። ጣርማ በርን ለሚያውቅ ሰው ሜዳው ራሱ ያስፈራል፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለውም። የሰፈሩ ቤቶች ደግሞ አዳዲስ ናቸው፤ አንዱን ቤት ሠርተው የቀረውን በማኅተም የመቱት ይመስላል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ጀንበር ገና አልጠለቀችም። እኛ ጋ በዚህ ሰዓት ዶሮ እንኳ ተኝቷል።

ከመኪናው ስወርድ በጎረቤት ግቢ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። ጋቢ የመሰለ ነገር በአንድ ትከሻቸው ጥለዋል። ቀኝ እጃቸውን ወደ እኔ አንሥተዋል። የአክስቴ ምክር ትዝ አለኝና አጎንብሼ «እንደምን አመሹ፣ አባቴ» አልኩ። አልመለሱም። ዝቅ ብዬ ደገምኩ። አሁንም ዝም። ጌታሁን ሻንጣውን እየጎተተ ገብቷልና ምንም አላየም። ሌሊቱን ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ አደርኩ።

ሰኞ

ጠዋት በመስኮት ሳይ ሽማግሌው እዚያው ናቸው። እጃቸውም እንደተነሣ ነው። ያኔ ሲሚንቶ መሆናቸው ገባኝ።

ፀሐይን፣ ሕፃኗን እያጠባች ሳለ፣ «ጎረቤታችሁ ማን ናቸው?» አልኳት።

«ሚስተር ኒኮ ይባላሉ፣ ግሪክ ናቸው። እንደኛው ኦርቶዶክስ ናቸው እኮ፤ እሑድ እሑድ ቅዳሴ አይቀሩም።»

«ግቢያቸው ውስጥ ያለውስ?»

ሕፃኗ አለቀሰችና መልሱ ቀረ። እኔም መልሱን ራሴ ሰጠሁ፤ ኦርቶዶክስ ከሆኑ የሚያቆሙት ቅዱስ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንጂ ሐውልት አንሳለምም፤ አውቃለሁ። ግን አገሩ ሌላ ነው፤ ጀንበር በሁለት ሰዓት ተኩል የማትጠልቅበት አገር ቅዱሱን በሲሚንቶ ቢሠራ ምን ይገርማል? ጢሙ የባሕታዊ ነው። የተነሣው እጅ የሚባርክ እጅ ነው። ደረቱ ራቁቱን መሆኑ ትንሽ ከብዶኝ ነበር፤ እሱንም ለብሕትውናው ሰጠሁት።

ጠዋት ጠዋት ሕፃኗን በጋሪ እየገፋሁ ሰፈሩን አንድ ዙር እንድዞር ተነግሮኛል። የእኅቴ ትልቋ ልጅ ማክዳ አብራኝ ትሄዳለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤታቸው እረፍት ላይ ነበር። በአማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። በግቢው ስናልፍ አማተብኩ፣ ሦስት ጊዜ አጎነበስኩ፣ የአጥሩን ቋሚ በግንባሬ ነክቼ ሳምኩት። ለሕፃኗ ጤና ለመንኩ። ማክዳ በመንሸራተቻዋ ቀድማኝ ሄዳ ነበር።

ማክሰኞ

ዛሬ ሳጎነብስ ከሐውልቱ ጀርባ፣ በረንዳው ላይ፣ አንድ እውነተኛ ሽማግሌ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱልኝ። ሚስተር ኒኮ ናቸው። ትልቅ ሰው አጎንብሶልኝ እኔ ቀጥ ብዬ ልቆም አይገባምና ደገምኩ። እሳቸውም ደገሙ። ዝቅ አልኩ፤ እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው ዝቅ አሉ። ማክዳ መጥታ «ስቶፕ ኢት!» ባትል ኖሮ ሁለታችንም እዚያው እንቀር ነበር።

ሚስተር ኒኮ አንድ ፌስታል ሙሉ ቲማቲም ሰጡኝ። ቲማቲማቸው በሐውልቱ እግር ሥር ዙሪያውን ተተክሏል። ቅዱሱን የሚያገለግሉ ሰው መሰሉኝ። ቤት ገብቼ ከጧፌ አንዱን አምጥቼ ሐውልቱ እግር ሥር አኖርኩ። ለመለኮስ ግን ዓይን አፋርነቴ አልፈቀደልኝም።

ረቡዕ

ጧፌ አንድ የቲማቲም ግንድ ከእንጨት ጋር ታስሮበት አገኘሁት። በጣም ጥሩ አድርጎ ይዞታል። ለበረከት ነው ብዬ ደስ አለኝና አማተብኩ። ማክዳ ዛሬ አጠገቤ ነበረች።

«አንቲ፣ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። ግራ ሲገባት ብቻ ነው አማርኛ የምትናገረው።

«ቅዱሱን እሳለማለሁ።»

«ቅዱስ? ኢትስ ዙስ! የድሮ የግሪክ ጋድ ነው። የሰማይ አለቃ። መብረቅ ይወረውራል።»

ጋሪውን አቁሜ «ምን?» አልኳት።

«በትምህርት ቤት ተምረናል። ብዙ ሚስት አለው። አንድ ጊዜ በሬ ሆኖ አንዷን ልጅ ሰረቀ።»

ጠለፈ ማለቷ ነው። እንግዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ለእኅቴ ልጅ ጤና ስለምን የነበረው አንድ ጠላፊ ነው።

ሮጬ ገብቼ ለፀሐይ ነገርኳት። ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ሚስተር ኒኮ ዓሣና ድንች የሚጠብሱበት ሱቅ ነበራቸው አለችኝ። ዙስ በሩ ላይ ይቆም ነበር፤ በእጁ የያዘው መብረቅ አምፖል ነበረበት፤ ብልጭ ድርግም ይላል። ሱቁን ዘግተው ወደዚህ ሲመጡ መብረቁ ተሰብሮ ቀረ። ለዚህ ነው እጁ ባዶውን የሚባርክ የመሰለው። «እሳቸው ራሳቸው እኮ ይስቁበታል» አለች።

ከዚያ ሳቋ በአንድ ጊዜ ቆመ።

«አባ እንዳይሰሙ» አለችኝ።

አባ የሚያጠምቁት ካህን ናቸው። አባ ወልዴ ልበላቸው፤ ጻፊው ብለው ራሳቸው ፈቅደውልኛል፣ ስሜን ግን ለውጪ ብለዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው በስልኩ ኮከብ ሲያስቆጥር ተገኝቶ ከክርስትና አባትነት አስወጥተውታል። ጣዖት የተሳለመችማ ምን ልትሆን ነው? ሰናይት ተዘጋጅታ አለች፤ ነጭ ቀሚሷንም ከመኪናዋ ኋላ እንደሰቀለችው ማክዳ አይታለች።

ሐሙስ

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አለማጎንበስ ነው። ግን ሚስተር ኒኮ በጠዋት ተላጭተው፣ ሸሚዝ ለብሰው፣ በረንዳው ላይ ይጠብቁኛል። ሰኞም በመስኮት አይተውኝ ኖሯል። «በዚህ ሰፈር ሰላም የሚለኝ ሰው አገኘሁ» ብለው ለጌታሁን ነግረውታል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ብዙ አይጫወቱም። ዛሬ ዝም ብዬ ባልፍ ተጣላችኝ ይላሉ። ቀርቤ እንዳላስረዳቸው እንግሊዝኛ የለኝም፤ በአማርኛ ቢሆንም አልችልም ነበር።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄጄ፣ ሐውልቱን በጎን ትቼ፣ ለሚስተር ኒኮ ብቻ አጎነበስኩ። እሳቸው በደንብ እንዳላየኋቸው ገምተው ወንበራቸውን ይዘው ወደ መሐል መጡና ልክ ከዙስ ጀርባ ቆሙ። እኔ ወደ ቀኝ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ ተከተሉኝ፤ ዙስ እንደገና በመሐላችን። በመጨረሻ ይሉኝታው አሸነፈኝና ዓይኔን ጨፍኜ አጎነበስኩ። ዛሬ ሎሚ ሰጡኝ።

ዓርብ

በፊት ለፊት ላለማለፍ ቆረጥኩ። ፀሐይ ከሱቅ ወተት እንዳመጣ ስትልከኝ በጓሮ በኩል ባለው መንገድ ዞርኩ። እኛ አገር በዚህ ወር ፀሐይዋ በደቡብ አዘንብላ ነው የምታልፈው፤ በእሷ አቅጣጫ ለይቼ የትም እሄዳለሁ። እዚያ ግን በሰሜን በኩል ነው የምትዞረው። ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ወተቱን ገዝቼ፣ ፀሐይዋን አምኜ፣ አንድ ሰዓት ያህል በተሳሳተ አቅጣጫ ሄድኩ። ቤቱ ሁሉ አንድ ነው። የሦስት ቤት በር ላይ ቆሜ ቁልፌን ሞከርኩ። በሦስተኛው ውሻ ጮኸብኝ።

ከአንድ ነጭ መኪና ጥምጣም ያደረገ፣ ጢሙ የተንዠረገገ ሰው ዕቃ ይዞ ወረደ። ልቤ «ቄስ ነው፣ ሂጂና ተሳለሚ» አለኝ። ለዚህ ሳምንት ይበቃሻል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ሕንድ ነው፤ ለየቤቱ ዕቃ የሚያደርስ። የእኅቴን ቤት ቁጥር አላውቅም፤ ስልኬ ቤት ቀርቷል። በዚያ ሰፈር ከሌላው የሚለይ ነገር አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኝ እጄን አነሣሁ፣ በግራ እጄ ረጅም ጢም አሳየሁት፣ «ዙስ» አልኩት።

«ዙስ! ዙስ!» ብሎ ሳቀ። አውቆታል። ግቢ ብሎ የመኪናውን በር ከፈተልኝ፤ እኔ የማላውቀው ሰው መኪና ውስጥ አልገባም። እሱም አልተቆጣም። መኪናውን ቀስ እያደረገ ነዳ፤ እኔ ወተቴን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። በየቤቱ ሲቆም እቆማለሁ፤ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ውኃ ያቀብለኛል። እንዲህ እያልን አሥራ አራት ቤት ዕቃ አደረስን።

ጥጉን ስንዞር የተነሣ እጁን አየሁት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ በዚያ ማኅተም በመሰለ ሰፈር ውስጥ የማውቀው ፊት ያ ብቻ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሮጬ ሄጄ እግሩን አቅፌ ሳምኩት።

ቀና ስል ጌታሁን ከሥራ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያየኛል።

ማታ እራት ላይ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ነገ አባ የሕፃኗን ስም ሊጠይቁ ይመጣሉ» አለኝ። «አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

«እኔ» አልኩ። ከመጣሁ ጀምሮ ለጌታሁን የተናገርኩት ትልቁ ንግግር ይህ ነበር።

ቅዳሜ

አባ ወልዴ በአዘቦት ቀን ዲር ፓርክ መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ። ዛሬም ከሥራ ነበር የሚመጡት። ፀሐይ «ውጪና ተቀበያቸው፤ ቤቱን ይስታሉ» አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ሳለ መኪናቸው መጥታ ሚስተር ኒኮ ደጅ ቆመች። ቤቱን ስተዋል። የሚያብረቀርቀውን የሥራ ሰደርያ አውልቀው ነጠላቸውን ለበሱ፣ ቆባቸውን አደረጉ። መነጽራቸውን ግን መጋዘን ረስተው ኖሯል፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

በክፍቱ በር ገብተው ቀጥ ብለው ወደ ዙስ ሄዱ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባቴ! ለእኔ ብለው ወጡ? ፀሐይ ላይ ባይቆሙ» አሉት። ከዚያ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው እንዲሳለም ወደ አፉ አስጠጉለት።

ዙስ አልተሳለመም።

አባ ትንሽ ጠበቁ። መስቀሉን ወደ ግንባሩ ከፍ አደረጉለት። ጠበቁ። «ግዴለም፣ አንገትዎን ካመመዎት እኔ ልቅረብ» ብለው በቲማቲሙ መሐል አንድ እርምጃ ገቡ። ያኔ ነው እጃቸው ሲሚንቶውን የነካው።

እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። ከዚያ ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፤ መሬት ማየት የለመድኩት ነገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዓይን አፋርነቴ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ፀሐይና ጌታሁን ወደ ጓዳ ሄዱ። ተንበርክኬ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰላምታውን፣ አጥሩን መሳሜን፣ ጧፉን፣ የሐሙሱን፣ የዓርቡን። አንድም አላስቀረሁም።

«እግሩን ሳምሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባ።»

«ማን እንደሆነ አውቀሽ?»

«አውቄ ነው፣ አባ። ቤቴን ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ።»

መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ገልብጠው በሌላው በኩልም ጠረጉት።

«በሐዋርያት ዘመን» አሉኝ፣ «ይህ የሰማይ አምላክ የሚሉት ድያ ይባል ነበር። ሰዎች ከሐዋርያት አንዱን አይተው ድያ ነው ብለው በሬ ሊያርዱለት ተነሥተው ነበር። አንቺ ደግሞ ድያን ቅዱስ ነው አልሽ።» መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱት። «እሱስ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም፣ አባ።»

«እኔንም ምንም አላለኝም» አሉ።

ከጓዳ የጌታሁን የታፈነ ሳቅ ተሰማ። እሱም በመስኮት አይቷቸው ኖሯል። አባ ወደ ጓዳው ቆጣ ብለው አዩና ወደ እኔ ተመለሱ።

«አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ፣ ወደ ምሥራቅ። እሱ ያለው በየት በኩል ነው?»

«በምዕራብ፣ አባ።»

«ጥሩ። ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ድረሺ። እንዳትጠፊ። ብትጠፊም እሱን አትጠይቂ።»

እሑድ

ሕፃኗን ያቀፍኳት እኔ ነኝ። ሰናይት በመኪናዋ አደረሰችን፤ ነጠላዬ ሲንሸራተት ያስተካከለችልኝም እሷ ናት። ጌታሁን ፎቶ አነሣን።

የክርስትና እናት በሕፃኗ ፈንታ ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ሰይጣንን የምትክድበት ቦታ አለ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። አፌ እንደ ልማዱ ሊተሳሰር ሲል አባ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «ጮክ በይ» አሉኝ። ዋይንድሃም ቬል በዚያ በኩል መሆኑን ጌታሁን በጠዋት ነግሮኛል። ስለዚህ ጮህኩ። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች፤ ከኋላ የቆሙ አንዲት ሴትዮ «ውይ፣ ይቺ ልጅ ታፍራለች አላላችሁም እንዴ?» አሉ።

ለድግሱ ሚስተር ኒኮ ሃያ ወንበር አዋሱን። እኔ በአጥሩ በር ገብቼ፣ ከሐውልቱ ጀርባ ዞሬ፣ በረንዳቸው ድረስ ሄጄ በእጄ ጨበጥኳቸው። ከመጀመሪያውም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር፤ አምስት እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እንደዚያ ነበር ሰላም የምላቸው።

መመለሻ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጌታሁን ሻንጣዬን ሲጭን ሚስተር ኒኮ የቲማቲም ዘር በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ፀሐይ፣ አየር ማረፊያ ችግር እንዳይሆንብኝ ብላ ወሰደችብኝ። ጧፉ አሁንም ግንዱን እንዳሰረ ነው።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞሬ አየሁት። ዙስ እንደመጣሁበት ቀን እጁን አንሥቶ ቆሟል። አላጎነበስኩም። እጄን ግን አነሣሁለት። እጅ ማንሣት ስግደት አይደለም፤ አባን ጠይቄያለሁ።